የስልክ ግምገማ ለሚጠብቃችሁ፦ ፒፕ ሳመለክት ያለፍኩበት

እንግሊዝ አገር ሆናችሁ ፒፕ (ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት፣ ሕመም ወይም አካል ጉዳት ላለበት ሰው መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ) ካመለከታችሁ፣ ፎርሙን ከላካችሁ በኋላ አንድ ደብዳቤ ይደርሳችኋል። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት የጤና ባለሙያ ይደውልልዎታል ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ እፎይ እንላለን። "ተመስገን፣ የትም መሄድ የለብኝም፣ በስልክ ነው" እንላለን። እኔ ግን አሁን ሳስበው የስልኩ ግምገማ ከሁሉም የከበደ ይመስለኛል። ያበጠ ጉልበት በስልክ አይታይም። ከወንበር ለመነሳት የምታዩት ስቃይ አይታይም። የሚደውለው ሰው የሚያውቀው እናንተ አፍ አውጥታችሁ የነገራችሁትን ብቻ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ በስልክ ተገምግሜያለሁ። አንዱ ከንቱ ቀረ፣ ሌላው ተሳካ። በሁለቱ መካከል ሕመሜ አልተለወጠም። የተለወጠው ዝግጅቴ ነው።

ለንደን ውስጥ የሆቴል ክፍሎች አጸዳ ነበር። በ2020 መጨረሻ አካባቢ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ። የሥራ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ የእጄ አንጓ፣ ቀጥሎ ጉልበቴና የእግሬ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። ጂፒዬ (የሠፈር ሐኪሜ) ወደ ስፔሻሊስት ላከችኝና ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተባለ። የሰውነት መከላከያ የራስን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባል በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ጀመርኩ። ረድቶኛል፣ ምስጋና ይግባውና። ግን አንሶላ መወጠርና ቫኪዩም መግፋት ከዚያ በኋላ አልሆነልኝም። ሥራውን ለቀቅኩ።

ስለ ፒፕ የነገረችኝ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት። "እኔ እኮ ዊልቸር ላይ አይደለሁም" አልኳት። "ዊልቸር ምን አገናኘው? ሻወር ስትገቢ ማነው የሚያግዝሽ?" አለችኝ። ባለቤቴ ነበር የሚያግዘኝ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፒፕ የሚከፈለው የበሽታችሁን ስም አይቶ አይደለም። በሽታው በኑሯችሁ ላይ የሚያመጣውን ችግር አይቶ ነው። ዕድሜያችሁ ከ16 ዓመት እስከ መንግሥት ጡረታ መውጫ ድረስ መሆን አለበት። ችግሩ ቢያንስ ለ3 ወር የቆየና ገና 9 ወር ይቀጥላል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን አለበት። ሥራ ብትሠሩም ይከፈላል፣ የቁጠባ ገንዘብ ቢኖራችሁም አይከለክልም። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የዕለት ኑሮ፣ ሌላው መንቀሳቀስ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፣ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ክፍያ ያገኛል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በነበረው ዓመት የዕለት ኑሮው በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ፣ የመንቀሳቀሱ 29.20 ወይም 77.05 ፓውንድ ነበር። ስኮትላንድ ያላችሁ ግን አሠራራችሁ ሌላ ነው፤ አደልት ዲስኤቢሊቲ ፔይመንት ይባላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ "ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ" (የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይፈቀድም) የሚል ካለ፣ ምንም ነገር ከማመልከታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ፒፕ ከነዚያ ፐብሊክ ፈንድስ ከሚባሉት አንዱ ነው። "እገሌም አመልክቶ አግኝቷል" በሚል ወሬ አትነሱ።

ፎርሙ ሲመጣ ለመመለስ አንድ ወር ይሰጣችኋል። ስለ 12 ነገሮች ይጠይቃል፦ ምግብ ማዘጋጀት፣ መብላት፣ መድኃኒት መከታተል፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት፣ መልበስ፣ መነጋገር፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር መሆን፣ ገንዘብ ላይ መወሰን፣ መንገድ አቅዶ መሄድና መራመድ። እኔ ሁሉንም ባንድ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሞላሁት። "ምግብ ማብሰል ያስቸግረኛል።" "ደረጃ መውጣት ያመኛል።" ከስር ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ ለምን እንደተተወ አላሰብኩም። ቅጂም አላስቀረሁም።

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው በ2022 ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኝ ስለነበር አስተርጓሚ አልጠየቅሁም። ደዋይዋ ትሑት ሴት ነበረች። ነርስ ነኝ አለችኝ። ዛሬ እንዴት ነሽ አለች፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ምግብ ትሠሪያለሽ? አዎ። ብቻሽን ትለብሻለሽ? አዎ፣ ቀስ ብዬ። ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ? በየእሑዱ። ሱቅስ? ቅርብ ስለሆነ እሄዳለሁ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ሰው ፊት ማማረር ነውር ነው ተብሎ ነው ያደግነው፤ የቤትን ገበና ለማያውቁት ሰው መዘርዘርም እንዲሁ። ስለ መታጠብ ስትጠይቀኝ አፍሬ ቶሎ አለፍኩት።

ደብዳቤው መጣ። በዕለት ኑሮ 4 ነጥብ፣ በመንቀሳቀስ 4 ነጥብ። ምንም ክፍያ የለም። ሪፖርቱን ስልክ ደውዬ አስላክሁትና ባለቤቴ እያነበበ ነገረኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር ይላል። ደህና ነኝ ብላለች ይላል። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ይላል። ምግብ ታበስላለች ይላል። ቅዳሴው ሲሄድ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደማስቀድስ፣ ባለቤቴ በር ድረስ በመኪና እንደሚያደርሰኝ፣ ሰኞን ደግሞ አልጋ ላይ እንደማሳልፍ የትም የለም። እኔ አልተናገርኩማ።

ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለ። ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን የሚሉት ይህ ነው። ጠየቅሁ፣ አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ይግባኝ ለትሪቡናል (ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ) ነው፤ ለእሱም የአንድ ወር ጊዜ አለው። ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር። በሰው ምክር ወደ አንድ የነፃ ምክር ቢሮ ሄድኩ። ነገሩ የተገለበጠው እዚያ ነው።

አማካሪዋ ሪፖርቱን አንብባ ዘጋችው። "ትናንት ለራስሽ ብቻ እንቁላል ፍርፍር ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ፣ ከመነሻው ጀምረሽ ንገሪኝ" አለችኝ። እኔ እንጀራ መጋገር አቆምኩ፣ ወጥ ማማሰል አቃተኝ ብዬ ልጀምርላት ነበር። እሱ አይቆጠርም አለችኝ። ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ እንሳሳታለን። የሚለካው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቀላል ምግብ፣ ካልተዘጋጀ ጥሬ ነገር ተነስቶ፣ ወገብ ከፍታ ባለ ምድጃ ላይ መሥራት ነው። ስለ ድፎ ዳቦና ስለ ዶሮ ወጥ ብታወሩ ነጥብ አያመጣም።

ስለዚህ የፍርፍሩን ነገር ነገርኳት። ሽንኩርቱን መላጥ አልችልም፣ ጣቶቼ ቅርፊቱን አይዙም። ባለቤቴ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ልጦ ሳህን ላይ ያስቀምጥልኛል። ቢላውን በጣቶቼ ሳይሆን በመዳፌ ጨብጬ ነው የምጫነው። ሽንኩርቱ አራት ቦታ ከተከፈለ እዚያው ይበቃዋል። የዘይቱን ክዳን በጥርሴ ነው የምከፍተው። መጥበሻውን ባንድ እጅ ማንሳት አልችልም። አንድ ጊዜ ከነዘይቱ ከእጄ አምልጦ እግሬ ሥር ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ እሳት አልለኩስም። ይህንን ሁሉ ጨርሼ ለመብላት ስቀመጥ እጄ ይቃጠላል፣ የቀረውን ቀን ሌላ ነገር አልሠራበትም። ሴትዮዋ እየጻፈች "ይህን ለማን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ለማንም።

ከዚያ ሕጉን አስረዳችኝ። "ትችያለሽ ወይ" የሚለው ጥያቄ ውስጥ ሌሎች አራት ጥያቄዎች አሉ። ያለ አደጋ ትሠሪዋለሽ? በቂ በሆነ ሁኔታ ትሠሪዋለሽ? በሚያስፈልግሽ መጠን ደጋግመሽ ትሠሪዋለሽ? ጤነኛ ሰው ከሚወስድበት እጥፍ ባልበለጠ ጊዜ ትሠሪዋለሽ? ከአራቱ አንዱ እንኳ "አይሆንም" ከሆነ፣ በሕጉ ዓይን ያን ነገር አትችሉም ማለት ነው። ይህም የሚታየው ከዓመቱ ቀናት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ነው። አንድ ቀን ደህና ስለዋላችሁ ትችላላችሁ አይባልም፤ አንድ ቀን ስለወደቃችሁም አትችሉም አይባልም። አጋንናችሁ አትናገሩ። ሳታሳንሱም ተናገሩ።

በትሪቡናሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ዳኛ፣ ሐኪምና ስለ አካል ጉዳት ልምድ ያለው ሰው። እሱም በስልክ ነበር። ስለ ፍርፍሩ፣ ስለ ሻወሩ፣ ስለ አውቶቡስ ፌርማታው ጠየቁኝ። እንዳለ ነገርኳቸው። በሁለቱም ክፍል መደበኛው ተፈቀደልኝ፤ ክፍያውም መጀመሪያ ካመለከትኩበት ቀን ጀምሮ ታሰበልኝ።

ፒፕ ግን አንዴ ተሰጠ ብሎ የሚቆም አይደለም። ጊዜው ሲደርስ እንደገና ይገመገማል። የእኔም ደረሰ፣ እንደገና የስልክ ቀጠሮ መጣ። በዚህኛው ያደረግሁትን ነው በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው።

መጀመሪያ የፎርሙን እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ገምጋሚው ፎርሙን ፊቱ አስቀምጦ ነው የሚጠይቃችሁ። የምትናገሩት ከጻፋችሁት ጋር ካልገጠመ ይጻፍባችኋል። ከዚያ ባንድ ወረቀት ላይ የአንድ ተራ ቀን ውሎዬን ከመነሳት እስከ መተኛት በአማርኛ ጻፍኩ። ስንት ሰዓት እነቃለሁ፣ መገጣጠሚያዬ እስኪፍታታ ስንት ጊዜ አልጋ ላይ እቆያለሁ፣ ካልሲዬን ማን ያጠልቅልኛል፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ስገባ ምን እይዛለሁ። የመድኃኒቶቼን ስም ከነመጠናቸው ጎን ጻፍኩ። በተለይ የሜቶትሬክሴቱ ማግስት እንዴት እንደሚያደርገኝ ለይቼ ጻፍኩ። የሐኪም ማስረጃም ልኬያለሁ። ከጂፒ ደብዳቤ ለማጻፍ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኤንኤችኤስ አፕ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት የስልክ መተግበሪያ) ላይ ያለውን ታሪካችሁንና ከስፔሻሊስት የመጡትን ደብዳቤዎች እዩ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው እዚያ አለ።

ርቀትን በሜትር እወቁ። "ትንሽ እራመዳለሁ" ማለት ምንም አይነግራቸውም። 20 ሜትር፣ 50 ሜትርና 200 ሜትር ላይ ነው ነጥቡ የሚለዋወጠው። የለንደን ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ርዝመቱ 11 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ቢቆም ስንቱን ጨርሳችሁ ትቆማላችሁ? እኔ ከቤቴ በር እስከ ጥጉ የመብራት ምሰሶ ድረስ በስልክ ካርታ ለካሁት። ምን ያህል እንደሚወስድብኝ፣ የት ላይ እንደምቆም፣ ደርሼ ምን እንደምሆን ጻፍኩ። ቆማችሁ የምታርፉ ከሆነ፣ ወይም በዚያው ቀን ሌላ ጊዜ መልሳችሁ መሄድ የማትችሉ ከሆነ እሱን ተናገሩ።

ቀጥሎ ቀደም ብዬ ደወልኩና ሦስት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ ንግግሩ እንዲቀዳ። መብታችሁ ነው፤ ግን ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ በዕለቱ ላይሳካ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ። እንግሊዝኛ ስለማትችሉ ነጥብ አይሰጣችሁም፤ የመነጋገርና የማንበብ ጥያቄዎች የሚለኩት በራሳችሁ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሕመማችሁን ሳታሳጥሩ ለመናገር ነው። በእንግሊዝኛ ስናወራ የምናውቀውን ቃል እንጂ የምንፈልገውን አንናገርም። ሴት እንድትሆንም ጠየቅሁ። ስለ መታጠብና ስለ ሽንት ቤት ለወንድ መናገር ይከብደኛል። እንደምታውቁት ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ የምታውቁት ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ቢመጣ "ይህ ሰው አይመቸኝም፣ ሌላ ይሰጠኝ" ማለት ትችላላችሁ። አስተርጓሚም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሦስተኛ፣ ባለቤቴ አብሮኝ እንደሚሆን አሳወቅሁ። ቤተሰብ፣ ጓደኛ ወይም አማካሪ አብሯችሁ መስመር ላይ መሆን ይችላል። እኛ ቀድመን ተስማማን፤ እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ የዘለልኩትን ብቻ ያሟላል።

በዕለቱ ስልኩን ቻርጅ አድርጉ። ጥሪው ቁጥሩ ከማይታይ መስመር ሊመጣ ይችላል። የማይታወቅ ቁጥር የሚዘጋ ነገር ስልካችሁ ላይ ካለ ክፈቱት። ሰዓቱ አልፎ ካልደወሉ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር እናንተ ደውሉ፣ የደወላችሁበትንም ሰዓት ጻፉ። ያለ በቂ ምክንያት ስልኩን ካላነሳችሁ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል።

"ዛሬ እንዴት ነዎት?" አለች አስተርጓሚዋ። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጣቶቼ አልከፈት ብለው ኬትሉን ባለቤቴ ነው የሞላልኝ" አልኩ። ምስጋናውን መተው የለባችሁም። ከኋላው ግን እውነቱን አስከትሉበት።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥያቄ "አዎ" ወይም "አይ" ብዬ አላቆምኩም። እንዴት እንደማደርገው፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅብኝ፣ ማን እንደሚያግዘኝ፣ ካደረግሁት በኋላ ምን እንደምሆን ተናገርኩ። ወደ መታጠብ ስንደርስ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ወረቀቴን አየሁና አነበብኩት። ባለቤቴ ከወገቤ በታች እንደሚያጥበኝ፣ ገንዳው ውስጥ ስገባና ስወጣ እንደሚደግፈኝ፣ እጄን ወደ ኋላ አዙሬ ጡት መያዣ መቆለፍ እንደማልችል። አንዴ ከወጣ በኋላ ቀለለኝ። ሲደክማችሁ እረፍት ጠይቁ፤ እኔ ውኃ ልጠጣ ብዬ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ጥያቄው ካልገባችሁ ይደገምላችሁ። የአእምሮ ጭንቀት ካለባችሁ ራሳችሁን ስለ መጉዳት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ድንገት ሲመጣ ያስደነግጣልና ቀድማችሁ እወቁት።

እንደ ወሬ የሚመጡ ጥያቄዎችንም ልብ በሉ። ልጆቹን ማን ነው የሚያደርሰው? መኪና ይነዳሉ? ዕረፍት የት ሄዱ? እነዚህ ሁሉ ይጻፋሉ። አትፍሩ፣ አትዋሹ። "ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ" ካላችሁ በምን እንደምትሄዱ፣ ቆማችሁ ወይስ ተቀምጣችሁ እንደምታስቀድሱ፣ በማግስቱ እንዴት እንደምትውሉ ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ ወይ ይሏችኋል። ያኔ ወረቀታችሁን ከላይ እስከ ታች እዩና ያልተነገረውን ተናገሩ። እኔ ስለ ሌሊቱ አልጠየቁኝም ነበር፤ እዚያ ላይ ነው የተናገርኩት።

ስልኩ እንደተዘጋ፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ የተጠየቅሁትንና የመለስኩትን ባለቤቴ ጻፈልኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደውለን የሪፖርቱን ቅጂ አስላክን። ይህን ውሳኔው ሳይመጣም ማድረግ ይቻላል። ውሳኔውን የሚሰጠው የደወለው ባለሙያ አይደለም፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሌላ ሰራተኛ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የተሳሳተ ነገር ካያችሁ ቶሎ በጽሑፍ አሳውቁ። በዚህኛው ሪፖርት ላይ መጥበሻው፣ ካልሲው፣ የመብራት ምሰሶው ሁሉም አለ። ክፍያዬ ባለበት ቀጠለ።

አንድ የቀረ ነገር ልጨምር። የዕለት ኑሮው ክፍል ከተፈቀደላችሁና በሳምንት 35 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚንከባከባችሁ ሰው ካለ፣ እሱ ኬረርስ አላውንስ (ለተንከባካቢ የሚከፈል ድጎማ) ማመልከት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። የሥራ ገቢ ጣሪያ አለው፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሳምንት 196 ፓውንድ ነበር፣ ታክስና መሰል ወጪ ከተቀነሰ በኋላ። የእሱ ማግኘት የእናንተን ሌላ ቤኔፊት ሊነካ የሚችልበት ጊዜ ስላለ፣ ከማመልከቱ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም በአካባቢያችሁ ያለ የነፃ ምክር ቢሮ ያስላላችሁ። በመራመድ 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኛችሁ ደግሞ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዛችሁ ካውንስላችሁን (የአካባቢ አስተዳደሩን) ብሉ ባጅ፣ ማለትም የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ፣ ጠይቁ።